ስለ ወንድነት ኃይል መድከምና ስለ መድኃኒቱ አወሳሰድ

የቤተ ሰብ ነገር ሲነሣ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ምግብ አሠራርና ስለ ቤት ንጽሕና መናገር የተለመደ ነው። ዛሬ ግን ብዙ ሰው በልቡ እያወቀው በአፉ ሊያወጣው የሚያፍረውን አንድ ነገር ልንጽፍ ተነሥተናል። ይኸውም ባለትዳር የሆነ ወንድ ኃይሉ ደክሞ ከሚስቱ ጋር እንደ ቀድሞው መሆን ሲሳነው ስለሚደርስበት ጭንቀት፣ ለዚሁም ተብሎ ስለ ተሠራው መድኃኒት ነው። ሐኪሞች ይህን ደዌ ስንፈተ ወሲብ ብለው ይጠሩታል። ነገሩ የሚያሳፍር መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር ንባቡን እስኪፈጽም ድረስ እንዲታገሠን እንለምነዋለን፤ ከዕፍረት ይልቅ አለማወቅ ብዙ ቤት ሲያፈርስ፣ አንዳንድ ጊዜም ነፍስ ሲያጠፋ ይታያልና።

የምንጽፈው ስለ ቆቦና ስለ ራያ ቆላ ነው። ቆቦ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴና በወልድያ በኩል ወደ አላማጣና ወደ መቀሌ በሚወስደው ታላቅ መንገድ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በምሥራቅ የዞብል ተራራ ይታያታል፤ በዙሪያዋ ያለው ሜዳም ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት ሰፊ አገር ነው። የራያ ሰው ጀግንነትን የሚወድ፣ ክብሩን የሚጠብቅ፣ ውርደትን ከሞት የሚያስበልጥ መሆኑ የታወቀ ነው። ይህ ጠባይ ለብዙ ነገር ይበጃል፤ ለዚህ ደዌ ግን አይበጅም። ሰውየው በገበያና በለቅሶ ቤት ከጓደኞቹ ጋር እየሳቀ ይውላል፤ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ማሽላ እያረረ ይስቃል የሚለው የአባቶች ተረት ለእንዲህ ያለው ሰው የተነገረ ይመስላል።

ታላቅ መንገድ ባለበት ስፍራ መልካሙም ክፉውም ዕቃ ያልፋል። ስለዚህ ለወንድነት ኃይል የሚሆን ነው እየተባለ ልዩ ልዩ እንክብል ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ይሰማል። ገዢው ስሙን ሳይናገር ይገዛል፤ ሻጩም ዕድሜውን፣ ሕመሙንና ሌላ የሚወስደውን መድኃኒት ሳይጠይቀው ይሸጥለታል። አደጋውም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

አስቀድሞ የደዌውን ምክንያት ማወቅ ይገባል። ብዙ ሰው ኃይሉ ሲደክም መተት ተደረገብኝ፣ ተደገመብኝ ይላል፤ ወይም ሚስቱን ይጠረጥራል። እውነተኛው ምክንያት ግን አብዛኛውን ጊዜ በገዛ ሰውነቱ ውስጥ ነው። የስኳር በሽታ የደም ሥሮችንና ነርቮችን ይጎዳል። የደም ግፊትና የደም ሥር መጥበብም እንዲሁ ያደርጋሉ። ሲጋራ ማጤስ፣ ብዙ አልኮል መጠጣትና ጫትን ማዘውተር ያባብሱታል። ለደም ግፊት ወይም ለአእምሮ ጭንቀት ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ይህን ሊያመጡ ይችላሉ፤ ነገር ግን ሐኪም ሳያማክሩ እነርሱን በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ ሌላ አደጋ ነው። ደግሞም ሐዘን፣ ፍርሃት፣ የዕዳ ሐሳብና የትዳር ጠብ ጤነኛውን ሰው እንኳ ሊያደክሙት ይችላሉ። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦንና አካባቢዋን ባገኘ ጊዜ ብዙ ቤተ ሰብ ወገኑን ቀብሯል፤ ብዙም ሰው ቤቱን ትቶ ተሰዷል። እንዲህ ያለውን መከራ ያየ ሰው ሰውነቱ ቢዝል ሊደንቀን አይገባም፤ ይህም ራሱን የቻለ ሕመም ስለ ሆነ ሕክምና አለው።

በአገራችን በባሕር ዳር በፈለገ ሕይወት ሆስፒታልና በትግራይ ሆስፒታሎች የስኳር ሕመምተኛ በሆኑ ወንዶች ላይ የተደረጉት ምርመራዎች፣ ከተጠየቁት መካከል ከግማሽ የሚበልጡት ይህ ድካም እንዳለባቸው አሳይተዋል። ስለዚህ ይህ የአንድ ሰው ውርደት ሳይሆን የብዙ ሰው ሕመም ነው። ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ለወንድነት ብልት ደም የሚያደርሱት ሥሮች ለልብ ደም ከሚያደርሱት ይልቅ ቀጫጭኖች ስለ ሆኑ፣ የደም ሥር በሽታ ሲጀምር ጉዳቱ አስቀድሞ በእነርሱ ላይ ይታያል። በዚህም ምክንያት የኃይል መድከም የልብ ሕመም ከመምጣቱ አንዳንድ ዓመት ቀድሞ የሚደወል ደወል ሊሆን ይችላል። ደወሉን ሰምቶ ወደ ሐኪም የሄደ ሰው ልቡንም ያድናል፤ እንክብል ከመንገድ ገዝቶ ደወሉን ዝም ያሰኘ ሰው ግን በሽታው በስውር እንዲያድግ ይፈቅድለታል።

አሁን ስለ መድኃኒቱ እንናገር። ሲልደናፊል የሚባለው መድኃኒት በመጀመሪያ የተፈለገው ለዚህ ነገር አልነበረም። ፋይዘር የተባለው ኩባንያ በእንግሊዝ አገር በሳንድዊች ከተማ ባለው የምርምር ቤቱ፣ የልብ ደም ሥር ጠቦ ደረቱን ለሚያመው ሰው ይሆናል ብሎ ነበር የሞከረው። ለልብ ሕመሙ እንደ ታሰበው ሳይጠቅም ቢቀር፣ የተሞከረባቸው ወንዶች የወንድነት ኃይል እንደ ጨመረላቸው ተናገሩ። ከዚያም ተመርምሮ መጋቢት 18 ቀን 1990 ዓ.ም. በአሜሪካ ቫያግራ በሚል ስም እንዲሸጥ ተፈቀደ። በ1991 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሦስት አሜሪካውያን ሊቃውንት፣ ፈርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባለው አየር በሰውነት ውስጥ የደም ሥርን እንደሚያሰፋ በማግኘታቸው የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። የዚህም መድኃኒት አሠራር ከዚያው ዕውቀት ጋር የተያያዘ ነው። ከሲልደናፊል በኋላ ታዳላፊልና ቫርደናፊል የተባሉ ወንድሞቹ ወጥተዋል።

አሠራሩን ለራያ ገበሬ ማስረዳት አይቸግርም። ገበሬው ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ ጠልፎ ማሳውን ያጠጣል። ቦዩ በደለል ከተደፈነ ውኃው ማሳውን አያገኘውም። መድኃኒቱ ቦዩ ቶሎ እንዳይደፈን ያደርጋል እንጂ ዝናቡን አያዘንመውም። ይኸውም ሰውየው ፍላጎትና ፍቅር ሲኖረው ሰውነቱ የደም ሥርን የሚያሰፋ ነገር ያወጣል፤ ሌላው የሰውነት ቅመም ደግሞ ያንን ያፈርሰዋል፤ መድኃኒቱም የሚያፈርሰውን ያግደዋል። ስለዚህ መድኃኒቱ የሌለ ፍቅርን አይፈጥርም፣ ብልትን አያሳድግም፣ እርግዝናን አይከለክልም፣ ከኤች አይ ቪና ከሌላውም የአባለ ዘር በሽታ አያድንም፣ የስኳር በሽታንም ሆነ የደም ግፊትን አይፈውስም። ያለ ሕመም ለወጉ ያህል የሚወስደው ጎልማሳ ጥቅም አያገኝበትም፤ ይልቁንም ያለ እንክብል የማይሆንለት እየመሰለው በራሱ ላይ ያለውን እምነት ያጣል።

በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ባገለገልንበት ዘመን የፍች አቤቱታ ብዙ ጽፈናል። ከነዚህም አንዱን ስምና ቀበሌ ሳንጠራ እንንገር። አንዲት የቆላ ሴት ወይዘሮ ባሌ ሌላ ሴት ይዞብኛል፣ ከእኔ ጋር መኝታ ከተለየ ዓመት አልፎታል ብላ ከሰሰች። ባልየው ግን አልያዝሁም ከማለት በቀር ምንም አልመለሰም። ነገሩ ወደ ሽማግሌዎች በተመለሰ ጊዜ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለብቻው ወስደው፣
«ልጄ ሆይ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ትነሣለህ?» ብለው ጠየቁት።
«አራትም አምስትም ጊዜ እነሣለሁ አባቴ፤ ውኃ ጥሙም አላስቆመኝ አለ» አላቸው።
ሽማግሌው ራሳቸው የስኳር ሕመምተኛ ስለ ነበሩ ምልክቱን ያውቁት ኖሯል። እየጠየቁትም ሲሄዱ፣ ሰውየው ከአንድ ነጋዴ እንክብል ገዝቶ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ውጦ በማግስቱ በማሽላ ማሳው መካከል ራሱን ስቶ ወድቆ እንደ ነበር ተናገረ። ከዚያ በኋላ ተመርምሮ ስኳር ተገኘበት፤ ሐኪምም እርሱንና ሚስቱን አብሮ መከራቸው። ወይዘሮዋ አቤቱታዋን ለመተው በመጣች ጊዜ፣ «እኔ የጠላሁት ዝምታውን እንጂ ሕመሙን አልነበረም» ያለችው ቃል እስከ ዛሬ ከልባችን አልጠፋም።

በዚህ ነገር ሕጉ የሚለውን ማወቅም ይጠቅማል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ፣ ዐዋጅ ቁጥር 213፣ አንዱ ተጋቢ ለሩካቤ የሚያስፈልገው አካል ጨርሶ የሌለው መሆኑን ሌላው ሳያውቅ ቢጋባ መሠረታዊ ስሕተት ነው ይላል። በትዳር ውስጥ በሕመም የሚመጣ ድካም ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነው። ስለዚህ ሰው ታመምሁ ቢል ትዳሬ በሕግ ይፈርስብኛል ብሎ መፍራት አይገባውም።

መድኃኒቱ በሐኪም ትእዛዝ ሲወሰድ ለብዙ ሰው ደኅንነቱ የተመሰከረ ነው። በጥንቃቄ እንዲወሰድ ግን የሚከተሉትን ነገሮች በልብ መያዝ ያስፈልጋል።

አንደኛ፤ አስቀድሞ መመርመር ነው። የደም ግፊት፣ በደም ውስጥ ያለው ስኳርና የልብ ሁኔታ መታየት አለባቸው። በቅርብ ጊዜ የልብ ድካም የመታው ወይም አንጎሉ ውስጥ ደም የፈሰሰበት ሰው፣ ደግሞም በጥቂት ሥራ ደረቱን የሚያመው ሰው፣ ሐኪም ሳይፈቅድለት ከመድኃኒቱ መራቅ ይገባዋል።

ሁለተኛ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ክልከላ ይህ ነው። ለደረት ሕመም ከምላስ ሥር የሚደረገውን ናይትሮግሊሰሪን፣ ወይም የሚዋጠውን አይሶሶርባይድ የሚወስድ ሰው ሲልደናፊልንም ሆነ ታዳላፊልን ፈጽሞ አይውሰድ። ሁለቱ ሲገናኙ የደም ግፊት ባንድ ጊዜ ወርዶ ሰውን ሊገድል ይችላል። ሲልደናፊል የወሰደ ሰው ደረቱን ቢያመው ወዲያው ወደ ሐኪም ሄዶ ምን እንደ ወሰደና በስንት ሰዓት እንደ ወሰደ ሳያፍር ይናገር። ሐኪሙ እንደነዚህ ያሉትን የልብ መድኃኒቶች ከሲልደናፊል በኋላ 24 ሰዓት፣ ከታዳላፊል በኋላ 48 ሰዓት ሳይሞላ አይሰጥምና፤ የተሸሸገ ቃል ሐኪሙን ያሳስተዋል።

ሦስተኛ፤ የሚወስዱትን ሌላ መድኃኒት ሁሉ መናገር ነው። ለፕሮስቴት ዕጢ ወይም ለደም ግፊት የሚሰጡ እንደ ዶክሳዞሲንና ታምሱሎሲን ያሉት የደም ግፊትን አብረው ሊያወርዱ ይችላሉ። ሪቶናቪር ያለበትን የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በሰውነቱ ውስጥ ሲልደናፊል እጅግ ስለሚበዛ፣ ሐኪሙ መጠኑን ወደ 25 ሚሊግራም አሳንሶ በ48 ሰዓት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይወስድ ያዝዘዋል። እንደ ኬቶኮናዞል ያለው የፈንገስ መድኃኒት፣ እንደ ኤሪትሮማይሲን ያለውም እንዲሁ ያበዙታል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ግን ያሳንሰዋል። አልሠራልኝም ብሎ በገዛ እጅ መጨመር የማይገባው ስለዚህ ነው።

አራተኛ፤ መጠኑን መጠበቅ ነው። የሲልደናፊል መነሻ አብዛኛውን ጊዜ 50 ሚሊግራም ነው፤ ዕድሜው ከ65 ዓመት ላለፈ፣ ጉበቱ ወይም ኩላሊቱ ለታመመ ሰው 25 ሚሊግራም ይበቃል። ከ100 ሚሊግራም አይበልጥም፤ በአንድ ቀንም ከአንድ ጊዜ በላይ አይወሰድም። አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ይወሰዳል፤ ኃይሉም አራት ሰዓት ያህል ይቆያል። ቅባት የበዛበት ምግብ ከበሉ በኋላ ቢወሰድ ሥራው ይዘገያል። ታዳላፊል ግን እስከ 36 ሰዓት ድረስ ስለሚቆይ፣ ዛሬ የወሰደው ሰው ነገ ከሰውነቱ የወጣ አይምሰለው። ሁለቱን ዓይነት አቀላቅሎ መውሰድም ክልክል ነው።

አምስተኛ፤ ከብዙ መጠጥ ጋር አለመውሰድ ነው። አልኮልም መድኃኒቱም የደም ግፊትን ያወርዳሉ። በቆላ ሐሩር ቀኑን ሙሉ በማሳ ውሎ ላቡ የፈሰሰና ውኃ ያልጠጣ ሰውም ራሱ ሊዞር ይችላልና፣ አስቀድሞ ውኃ ይጠጣ፣ ይረፍም፤ ከተኛበትም ሲነሣ ቀስ ብሎ ይነሣ።

ስድስተኛ፤ የሚያስከትለውን ማወቅ ነው። ራስ ምታት፣ የፊት መጋል፣ የአፍንጫ መደፈንና የሆድ ምቾት ማጣት የተለመዱ ናቸው፤ አንዳንድ ሰውም ለጥቂት ጊዜ ነገር ሁሉ ሰማያዊ መስሎ ይታየዋል። ነገር ግን የብልት መቆም ከአራት ሰዓት በላይ ቢቆይ፣ ወይም ዓይን በድንገት ማየት፣ ጆሮም መስማት ቢሳነው፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ከአራት ሰዓት በላይ የቆየው ነገር እንደ ጀብዱ የሚወራ አይደለም፤ ደሙ ተዘግቶ ሥጋውን ሊያበላሸውና ሰውየውን ለዘለቄታው ሊያሰናክለው ይችላል።

ሰባተኛ፤ አኗኗሩን መጠበቅ ነው። እንክብሉ በፀሐይና በቆርቆሮ ቤት ትኩሳት እንዳይበላሽ ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ፣ ደረቅና ልጆች በማይደርሱበት ስፍራ ይቀመጥ። ለጓደኛ ማካፈልም በጎ አድራጎት አይደለም፤ ለአንዱ የተመጠነው ለሌላው መርዝ ሊሆን ይችላል።

ስለ ሐሰተኛው መድኃኒትም አንድ ታሪክ እንንገር። በ2000 ዓ.ም. በሲንጋፖር አገር፣ ለወንድነት ኃይል ይሆናል እየተባለ ያለ ፈቃድ በተሸጠ እንክብል ውስጥ የስኳር ሕመምተኞች የሚወስዱት ግሊበንክላሚድ የተባለ መድኃኒት ብዙ ሆኖ ተቀላቅሎበት ተገኘ። የዋጡትም ሰዎች በደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር በድንገት ወርዶ 150 ያህል ወደ ሆስፒታል ገቡ፤ አራቱ ሞቱ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት፣ ኃይል ይሰጣል ተብሎ በሚሸጥ ማር ውስጥ ሲልደናፊልና ታዳላፊል ተሸሽገው እንደ ተገኙ አስታውቆ ሻጮቹን አስጠንቅቋል። እንግዲህ የልብ መድኃኒት የሚወስድ አንድ ሽማግሌ ማር ብቻ የላሰ መስሎት ምን እንደሚደርስበት አንባቢ ራሱ ይመዝነው። ማር ነው፣ ሥር ነው፣ ቅጠል ነው መባሉ ዋስ አይሆንም።

በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1112፣ መድኃኒት ተመዝግቦና ተመርምሮ ፈቃድ ባለው ሰው እጅ እንዲሸጥ ያዝዛል፤ የሚቆጣጠረውም የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ገዢው ፈቃድ ወዳለው መድኃኒት ቤት ይሂድ፤ የመድኃኒቱን ስም፣ የተሠራበትን አገርና የሚያበቃበትን ቀን በመያዣው ላይ ያንብብ፤ ማንበብ ባይችል ልጁን ያስነብብ። ከኪስ ተቆጥሮ የሚሰጥ፣ መያዣ የሌለው እንክብል ቢያገኝ አይግዛ።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ፣ በቆቦ ሁሉ ይተዋወቃል፤ እንዴት ብዬ ሐኪም ፊት እናገራለሁ ይል ይሆናል። ሐኪም የበሽተኛውን ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። አፍ ለመፍታት የከበደው ሰው፣ የደም ግፊቴንና ስኳሬን መርምሩልኝ ብሎ ይጀምር፤ ለብቻው በሆነ ጊዜ ደግሞ፣ ከባለቤቴ ጋር እንደ ቀድሞው አልሆንሁም ይበል። ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል፤ የቀረውን ሐኪሙ ይጠይቀዋል። በቆቦ ያለው ሆስፒታል የማይችለው ነገር ቢገኝም ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ ይልከዋል። ጸሎቱን፣ ጠበሉን፣ ዱዓውን የሚከለክለው የለም፤ ምርመራውን ግን አይተካለትም።

ለእናንተም ለወይዛዝርቱ የምንለው አለን። ባላችሁ ፊቱን ቢያዞር ወዲያው ሌላ ሴት አለችበት አትበሉ፤ በጎረቤት ፊትም አታዋርዱት። ውኃ ጥም በዝቶበት፣ ሰውነቱ ከስቶ፣ ደረቱን አሞት እንደ ሆነ መርምሩ፤ ተያይዛችሁም ወደ ሐኪም ሂዱ። ይህን መድኃኒት በስውር ከወጥ ወይም ከመጠጥ ጋር ቀላቅሎ መስጠት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ልቡ የታመመ ከሆነ በእጃችሁ ይሞትባችኋልና። አንተም ባለቤቱ ሆይ፣ ምን እንደምትወስድ ለሚስትህ ንገራት፤ ሌሊት ብትወድቅ ለሐኪም የምትናገርልህ እርስዋ ናት። ሲጋራውን ተው፤ መጠጡንም ጫቱንም ቀንስ፤ የታዘዘልህን የስኳርና የግፊት መድኃኒት ሳታቋርጥ ውሰድ። ይህን ብቻ በማድረግ ኃይላቸው የተመለሰላቸው ሰዎች አሉ።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ወንድነት በአንድ ሌሊት ነገር ብቻ አይመዘንም፤ ሕመሙን ሳይሸሽግ ተናግሮ፣ ራሱን አድኖ፣ ለሚስቱና ለልጆቹ በሕይወት መኖርም ታላቅ ወንድነት ነው። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ላላነበበው ቢነግርልን፣ በተለይም እንክብል በኪሱ ይዞ ለሚሄድ ወዳጁ ስለ ልብ መድኃኒቱ የተጻፈውን ቢያስታውስልን፣ ድካማችንን እንደ ካሰልን እንቈጥረዋለን።